የጆርጅ ዋላስ ንስሐ

ባለፈው የትምህርት ወራት በጥናት ክበባችን አንድ ምሽት የተነሣው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነን። የክርክሩ ርእስ «ሕዝብን በቆዳው ቀለም ለያይቶ ሲገዛ የኖረ የፖለቲካ ሰው ሐሳቡን ከልቡ ሊለውጥ ይችላልን?» የሚል ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ ግማሾቹ «የፖለቲካ ሰው የሚለወጠው መራጩ ሲለወጥ ብቻ ነው» አሉ። የቀሩት ደግሞ «ሰው ሁሉ ንስሐ ሊገባ ሲችል የፖለቲካው ሰው ብቻ ከዚህ ለምን ይገለላል?» ብለው መለሱ። ሁለቱም ወገኖች ደጋግመው በምሳሌነት የጠሩት አንድ ሰው ነበር፤ ይኸውም በአሜሪካ የአላባማ ገዥ የነበረው ጆርጅ ዋላስ ነው። ክርክሩ ሳይቋጭ ሰዓት አለቀ፤ የመሩት መምህራችንም የአዳራሹ መብራት የሚጠፋበት ጊዜ ደርሷል ብለው አሰናበቱን። እኛ ግን ነገሩ ስላላረካን፣ ስለዚህ ሰው የተጻፈውንና በፊልም የታየውን በቻልነው መጠን ተመልክተን የደረስንበትን አስተያየት ለአንባቢዎች እናቀርባለን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋላስ በ1919 ዓ.ም. በአላባማ ደቡብ ምሥራቅ፣ በባርበር አውራጃ፣ ክላዮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሕግ ተምሮ ጠበቃ፣ ቀጥሎ የምክር ቤት አባል፣ ከዚያም ዳኛ ሆነ። አራት ጊዜ ተመርጦ አላባማን ገዝቷል፤ ለፕሬዚዳንትነትም አራት ጊዜ ተወዳድሯል። በ1968 ውድድር አምስት የደቡብ ክፍለ ሀገሮችን አሸንፎ፣ ከመላው አገሪቱ ድምፅ ከመቶ 13 በላይ አግኝቷል። ስሙ በዓለም የታወቀው ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 1963 የገዥነቱን መሐላ ሲፈጽም ባደረገው ንግግር ነው። የነጭና የጥቁር መለያየት ዛሬም፣ ነገም፣ ለዘለዓለምም እንዲኖር በዚያ ቀን አወጀ። ሜይ 15 ቀን 1972 ሎረል በምትባል የሜሪላንድ ከተማ ለምርጫ ሲቀሰቅስ አርተር ብሬመር የሚባል ወጣት ተኩሶ አቈሰለው፤ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። ሎረል የምትገኘው ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሺንግተንና በባልቲሞር መካከል ነው፤ ከዚያ የሚያልፉ ወገኖቻችን ምን ያህሉ ይህን እንደሚያውቁ እንጃ። በመጨረሻ ዘመኑ ዋላስ የበደላቸውን ጥቁሮች ይቅርታ ጠየቀ፤ በ1998 ሴፕቴምበር 13 ቀን ሞተ።

የዚህ ሰው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በአንድ ዓይነት መልክ ነው። ጨካኝ ነበረ፤ ተመታ፤ በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ የሌላውን ሕመም ተረዳ፤ ተጸጸተ። በጆን ፍራንከንሃይመር አዘጋጅነት በ1997 ለቴሌቪዥን የተሠራው ፊልምም ጥይቱንና ንስሐውን አገናኝቶ ያቀርባል። ፊልሙ በጥሩ ተዋናዮች የተሠራ፣ ሳይሰለች የሚታይ ነው፤ ዋላስን ሆኖ የተጫወተው ጋሪ ሲኒስ ሰውየውን ከነቊጣውና ከነልመናው አቁሞ ያሳየናል። ነገር ግን ሁለት ነገር አላስደሰተንም። አንደኛው፣ አርቺ የሚባል ጥቁር አገልጋይ በገዥው አጠገብ እየተመላለሰ ሁሉን በዝምታ ሲመለከት እናያለን፤ ይህ ሰው በእውነተኛው ታሪክ ያልነበረ፣ ደራሲዎቹ የፈጠሩት ነው። በሕይወት የነበሩ ጥቁሮች፣ ስማቸውና አንደበታቸው የታወቀ፣ በአላባማ ሞልተው ሳለ ዝም የሚል ጥቁር መፍጠር ለምን አስፈለገ? ሁለተኛውና ዋናው ግን ታሪኩን በሳውል መንገድ መምራቱ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሁላችን ይህን መልክ እናውቀዋለን፤ ከደማስቆ መንገድ የወደቀው ሳውል ጳውሎስ ሆኖ ተነሣ። ስለዚህ እንደዚህ ያለ ታሪክ ሲነገረን ወዲያው እንቀበላለን፤ ለመመርመርም አንቸኵልም።

ሳውል ግን አንድ ነገር ነበረው፤ አሳዳጅ በነበረበት ጊዜ የሚያሳድድበትን ነገር ያምንበት ነበር። ዋላስስ ያምን ነበርን? ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ምሽት ከሁለቱ ወገኖች አንዱም ያላነሣው እርሱን ነው።

ወደ 1948 እንመለስ። በዚያ ዓመት የዲሞክራት ፓርቲ ጉባኤ ለጥቁሮች የዜግነት መብት የሚያደላ ውሳኔ ስላሳለፈ ከደቡብ የመጡ ብዙ መልእክተኞች ተቈጥተው ጉባኤውን ጥለው ወጡ። ዋላስ አብሮ አልወጣም። ጥቂት ቈይቶም ጥቁሮች በሚማሩበት በቱስኪጊ ኮሌጅ የአስተዳደር ቦርድ ውስጥ እንዲሾም ገዥውን ጄምስ ፎልሰምን ለመነ፤ ተሾመም። ዳኛ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ጄ. ኤል. ቼስትነት የሚባለው የሴልማ ጥቁር ጠበቃ በፊቱ ቆሞ ተከራክሯል። ቼስትነት በኋላ እንደ መሰከረው፣ በችሎት «ሚስተር» ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ዳኛ ዋላስ ነበር። በዘመኑ ጥቁር ሰው ጠበቃም ቢሆን በስሙ ብቻ እንደ ልጅ ይጠራ ነበርና፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለያዩበት ቋንቋ ያለን ሰዎች የአንድ መጠሪያ ቃል ክብደት ሳይነገረን ይገባናል።

እዚህ ላይ ደግ ሰው ነበር ማለታችን አይደለም። በዚያው ዳኝነቱ በባቡር ጣቢያ የነጭና የጥቁር መለያ ሰሌዳዎች እንዳይነሡ የሚከለክል ትእዛዝ ሰጥቷል። የዘመኑና የአገሩ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ጥላቻ የሚያቃጥለው ሰው አልነበረም። በ1958 ለገዥነት በተወዳደረ ጊዜ የጥቁሮች መብት ማኅበር እርሱን ሲደግፍ፣ ተወዳዳሪውን ጆን ፓተርሰንን ደግሞ ኩ ክሉክስ ክላን ደገፈው። ፓተርሰን አሸነፈ። በዚያች ሌሊት ዋላስ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ጥቁርን በመስደብ ማንም አይበልጠኝም ብሎ እንደ ማለ በአጠገቡ የነበሩ ሰዎች ተናግረዋል። እርሱ ራሱ በኋላ ክዶታል። ቃሉን ብናምነውም ባናምነውም ሥራው ግን ተመዝግቦ ይገኛል። በሚቀጥሉት ወራት የመንግሥት የዜግነት መብት መርማሪዎች የመራጮችን መዝገብ ሲጠይቁት አላስረክብም፣ ከመጣችሁም አስራችኋለሁ ብሎ በጋዜጣ ፎከረ። ያዘዘው የፌዴራል ዳኛ የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኛው ፍራንክ ጆንሰን ነበር። መዝገቡን በምሥጢር በሌላ በር ለመርማሪዎቹ እንዲደርስ አደረገና፣ በአደባባይ ግን እምቢ ባይ ጀግና ሆኖ ታየ። በ1962 በከፍተኛ ድምፅ ተመረጠ።

እንግዲህ ዋላስ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ሁሉም የሚጽፈው ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ሽማግሌነቱ መለወጥ ነው። የመጀመሪያው፣ የ1958ቱ፣ እንደ መንደርደሪያ ታሪክ በጥቂት መስመር ይታለፋል። በእኛ አስተያየት ግን የነገሩ ሥር ያለው በዚያ ነው። ክፉ ነገርን እውነት መስሎት የሠራ ሰው እውነቱ ሲገለጥለት ሊለወጥ ይችላል፤ የጐደለው ዕውቀት ነውና። እውነቱን እያወቀ፣ ሕዝብ በዚህ ይደሰታል ብሎ ክፉውን የሠራ ሰው ግን ምን ሊገለጥለት ይችላል? እርሱ ቀድሞውኑ ያውቃል። ስለዚህ ስለ ዋላስ «ሐሳቡ በእውነት ተለወጠን?» ብሎ መጠየቅ ሰውየውን ማቃለል ነው፤ በሐሳቡ ተሳስቶ ነበር ማለት ይሆናልና። በደሉ ከስሕተት ይከፋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ረቂቅ አንብበው «ታዲያ ያላመነበት ከሆነ ጥፋቱ ይቀላል፤ ቃል ብቻ ነበር» አሉን። እኛ ይህን አንቀበልም። የዋላስ ቃል ከአፉ ወጥቶ አየር ላይ አልቀረም። ጁን 11 ቀን 1963 ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ የሚባሉ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ለመመዝገብ ሲመጡ ገዥው በአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ከለከለ። ትርኢቱ ቀድሞ የተሰናዳ ነበር፤ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መልእክተኛ የሚቆምበት ቦታ እንኳ መሬቱ ላይ በነጭ መስመር ተለይቶ ነበር። ተማሪዎቹ በመኪና ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ የክፍለ ሀገሩ ጦር በፌዴራል መንግሥት ሥር ተደርጎ ጄኔራሉ ዘወር እንዲል ሲጠይቀው ዋላስ ዘወር አለ፤ ተማሪዎቹም በዚያው ቀን ተመዘገቡ። እርሱ እንደሚሸነፍ ያውቅ ነበር። የፈለገው በቴሌቪዥን መታየቱን ነው። ነገር ግን ያን ቴሌቪዥን የተመለከቱ ነጮች ሁሉ እንደ እርሱ ጨዋታ መሆኑን አላወቁም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ቀን በበርሚንግሃም ከተማ በ16ኛው መንገድ ባለው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቦምብ ፈንድቶ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ገዥው ለጋዜጣ ሲናገር፣ ነገሩን ሁሉ የሚያቆመው ጥቂት የደመቀ ቀብር ነው የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግሮ ነበር። በ1965 ማርች 7 ቀን ደግሞ በሴልማ ድልድይ ላይ ሰላማዊ ሰልፈኞችን በዱላና በጭስ የበተኑት የእርሱ ፖሊሶች ናቸው።

ነገሩ ለአዲስ አበባም ባዕድ አልነበረም። ዋላስ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ከመቆሙ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1963፣ የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለማቋቋም በከተማችን ተሰብስበው ነበር። በዚያው ወር የበርሚንግሃም ፖሊስ በጥቁር ልጆች ላይ ውሻ መልቀቁና የእሳት አደጋ ውኃ መርጨቱ በዓለም ጋዜጦች ታይቶ ስለ ነበር፣ የዩጋንዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴ ከዚሁ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ጉባኤውም በአሜሪካ ያሉ የአፍሪካ ተወላጆች ስለሚደርስባቸው የዘር ልዩነት የተሰማውን ብርቱ ሐሳብ በውሳኔው ውስጥ አስገባ። አንድ የክፍለ ሀገር ገዥ ለአካባቢው መራጮች ብሎ የሠራው ትርኢት እስከ አፍሪካ አዳራሽ ተሰምቷል ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ንግግሩ ጸሐፊ አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የ1963ቱን ንግግር የጻፈው አሳ ካርተር የሚባል የክላን ሰው ነበር። ካርተር የሚጽፈውን ያምንበት ነበር፤ ዋላስ ለዘብተኛ ሆነ ብሎ በ1970 ራሱ ሊወዳደረው ተነሣ፤ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ስሙን ፎረስት ብሎ፣ ራሱንም ከቸሮኪ ሕንዶች ዘር የተወለደ አስመስሎ፣ ብዙ ሰው ያለቀሰበትን የልጅነት ታሪክ በ1976 አሳተመ። አንባቢዎቹም ለረጅም ጊዜ እውነተኛ የሕይወት ታሪክ ነው ብለው አመኑት። ያመነው ሰው ስሙን ለወጠ፤ ያላመነው ሰው ይቅርታ ጠየቀ። ከሁለቱ የትኛው ለመረዳት እንደሚከብድ አንባቢ ይፍረድ።

አሁን ወደ ክበባችን ክርክር እንመለስና «መራጩ ሲለወጥ ይለወጣል» የሚለውን ሐሳብ እንመልከት። ለዚህ ሐሳብ ጠንካራ ማስረጃ አለ። የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ከመውጣቱ በፊት በአላባማ ለመምረጥ የተመዘገቡት ጥቁሮች ከመቶ 20 አይሞሉም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሆኑ። በ1982 ዋላስ ለመጨረሻ ጊዜ ለገዥነት ሲወዳደር በኖቬምበሩ ምርጫ ጥቁሮች በብዛት ደገፉት፤ ያለ እነርሱ ድምፅ ማሸነፉ ያጠራጥር ነበር። ሆኖም ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ሰውየው በ1970 ለምን አልተለወጠም? በዚያ ጊዜ ጥቁሮች መምረጥ ጀምረው ነበር፤ ተወዳዳሪው አልበርት ብሩወር እነርሱንና ለዘብተኞቹን ነጮች አስተባብሮ በመጀመሪያው ዙር ጥቂት በልጦት ነበር። ዋላስ ግን በሁለተኛው ዙር የነጩን ፍርሃት የሚቀሰቅስ፣ በአላባማ ታሪክ እጅግ ከከፉት አንዱ የሆነ የምርጫ ዘመቻ አደረገና አሸነፈ። ስለዚህ የጥቁሮች ድምፅ መኖር ብቻውን አልለወጠውም። ጥይቱም ወዲያው አልለወጠውም ለማለት ያስደፍራል፤ በ1972 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጥቁሯ የምክር ቤት አባል ሸርሊ ቺዝም መጥታ ጠየቀችው፤ በ1973 በዩኒቨርሲቲው በዓል የተመረጠችውን ጥቁር ቈንጆ ዘውድ ጫነላት፤ ነገር ግን በ1976 አሮጌ ደጋፊዎቹን ይዞ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር እናገኘዋለን። የሰው ልብ እንደ መዝጊያ በአንድ ጊዜ አይከፈትም። ምናልባት ጥቂት እየተገፋ፣ ጥቂት እየተመለሰ ነው።

ሌሎችንም ሰዎች ማየት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ሁጎ ብላክ የአላባማ ሰው ነው፤ በ1923 ክላን ውስጥ ገባ፣ በ1925 ወጣ፣ በእነርሱም ድጋፍ ሴናተር ሆነ። በ1937 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ የማንንም ድምፅ አይፈልግም ነበር፤ በ1954 የትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ሲባል ከስምንቱ ባልደረቦቹ ጋር አንድ ሆኖ ፈረደ፤ በትውልድ አገሩም ተጠላ። እዚህ ላይ ለውጡ ዋጋ አስከፍሎታል። ግን በ1944 ከጃፓን የተወለዱ አሜሪካውያን ከቤታቸው እንዲነሡ የተደረገውን ትእዛዝ ያጸደቀውን ፍርድ የጻፈውም እርሱ ራሱ ነው። ስትሮም ተርመንድ ደግሞ በ1957 የጥቁሮችን መብት ሕግ ለማስቀረት ከ24 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ንግግር ያደረገ ሰው ነው፤ በኋላ ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቀን ድምፁን ሰጠ፤ ተጸጸትኩ የሚል ግልጽ ቃል ግን ሳይወጣው በ2003 በመቶ ዓመቱ ሞተ። በሞተ በስድስተኛው ወር፣ በወጣትነቱ በቤታቸው ታገለግል ከነበረች ጥቁር ልጅ የወለዳት ሴት ልጁ በአደባባይ ወጥታ ተናገረች። ሲደጉማት ኖሮ ነበር፤ በምሥጢር።

ከእነዚህ ሁሉ የክበባችንን ክርክር የሚያውከው የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት ቢርድ ነው። በወጣትነቱ ለክላን ሰው መልምሏል፤ በ1964ቱ ሕግ ላይ ከ14 ሰዓት በላይ ተናግሯል። በኋላ ግን ሠራሁት ከሚለው ሁሉ ያንን የሚጸጸትበት መሆኑን ሳይሸፋፍን ተናገረ፤ ይቅርታውንም እስኪሰለች ደጋገመ። የዌስት ቨርጂኒያ ጥቁሮች እጅግ ጥቂት ስለ ሆኑ ይህን ያደረገው ለእነርሱ ድምፅ ነው ለማለት አይመችም። በሴኔት ውስጥ ያለውን የፓርቲውን መሪነት ፈልጎ ነው የሚል ግን ይገኛል፤ ይህም ሐሰት ነው ብለን መማል አንችልም። ቢርድ ያለፈውን በስሙ ጠርቶታል፤ ክላን ውስጥ ነበርኩ፣ ስሕተት ነበር አለ። ከዋላስ የሚለየው በዚህ ነው።

የዋላስ ይቅርታ ምን ይዟል? በ1979 በአንድ እሑድ፣ ኪንግ ቀድሞ ይሰብክበት ወደ ነበረው በሞንትጎመሪ ወደሚገኘው ወደ ዴክስተር አቬኑ ቤተ ክርስቲያን ሳይታሰብ በተሽከርካሪ ወንበር ገባ። በመከራው ምክንያት የጥቁሮችን ሕመም በጥቂቱ እንደ ተረዳ፣ ለዚያ ሕመም እርሱም ድርሻ እንዳለው ተናገረና ይቅርታ ለመነ። በ1995፣ የሴልማው ሰልፍ በታሰበበት በ30ኛው ዓመት፣ ሰልፈኞቹን ሊቀበል መጣ፤ ድምፁ ስለ ደከመ ቃሉን ሌላ ሰው አነበበለት። እነዚህን ነገሮች ያነበበ ሰው ሳይነካ አይቀርም፤ እኛም ነክተውናል። ሆኖም በቃለ ምልልስ ሲጠየቅ ሲመልስ የኖረው፣ ጥቁሮችን ጠልቼ አላውቅም፣ የተዋጋሁት ለክፍለ ሀገሮች መብት ነው የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ምናልባት አልጠላቸውም። ታዲያ ያልጠላቸውን ሰዎች ለምን አስደበደበ? ይህን ጥያቄ በቃለ ምልልሶቹ አልመለሰውም። ሰውየው ስለ ጥላቻ ይቅርታ ጠየቀ፤ የ1958ቱን ሽያጭ ግን አልተናዘዘም።

በዚህ ነገር በክበባችን ውስጥ ሌላ ትንሽ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከእኛ ጋር በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩት፣ ሰው በልቡ ካመነና ከተጸጸተ በቂ ነው፣ ሥራ አይጠየቅም አሉ። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉት ደግሞ ንስሐ ያለ ኑዛዜ፣ ኑዛዜም ያለ ቀኖና አይሆንም፤ የበደለ ይካስ ብለው መለሱ። እኛ ያደግነው ከፊተኞቹ ጋር ነው። ነገር ግን በእሑድ ትምህርት የተማርነው የቀራጩ ዘኬዎስ ታሪክ ወደ ኋለኞቹ ያደላል፤ እርሱ ዛፍ ላይ ወጥቶ በመታየቱ ብቻ አላበቃም፤ የነጠቀውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷልና። የፖለቲካ ሰው ደግሞ የሚመልሰው ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ የሠራውን ማፍረስ ግን ይችላል።

ዋላስ ለመፍረስ ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። ከ1983 እስከ 1987 በተመለሰበት ሥልጣን ከዚያ በፊት ከነበሩት ገዥዎች ሁሉ የበለጠ ጥቁሮችን በሹመት አስገባ፤ ይህ በካሳ በኩል ሊቈጠርለት ይገባል። ነገር ግን በ1901 የተጻፈው የአላባማ ሕገ መንግሥት የነጭና የጥቁር ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት ይማሩ የሚለውን ቃል እንደ ያዘ ነበር። ፍርድ ቤት ሥራ አስፈትቶት ነበር፤ ከወረቀቱ ላይ ግን አልተፋቀም። ገዥ ብቻውን ሊፍቀው አይችልም፤ ሕዝብ ድምፅ መስጠት አለበት። ሆኖም በዚያ በር ላይ የቆመው ሰው ይህን ቃል ፋቁልኝ ብሎ ሕዝቡን ቢለምን ከሌላ ሰው አፍ ይልቅ ይሰማ አልነበረምን? ከሞተ በኋላ በ2004 እና በ2012 ቃሉን ለማውጣት ሕዝቡ ተጠይቆ እምቢ አለ፤ የወጣው በ2022 ነው። ዋላስ ያስተማራቸው ሰዎች ንስሐውን እንደ ፊልም አይተው አዘኑለት፤ ትምህርቱን ግን አልተዉም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ተረታችን በአላባማ በከፊል ብቻ ሠርቷል፤ ይህም ያስገርመናል። የተወጉት አልረሱም፤ ግን ብዙዎቹ ይቅር አሉ። በሴልማ ድልድይ ላይ ጭንቅላቱ የተሰበረው ጆን ሉዊስ፣ ዋላስ በሞተ ጊዜ በጋዜጣ ጽፎ ይቅር እንዳለውና በእውነት ተለውጧል ብሎ እንደሚያምን ገለጸ። ቪቪያን ማሎን በ1996 በዋላስ ሟች ሚስት ስም የተሰየመውን የጀግንነት ሽልማት ከራሱ ከዋላስ እጅ ተቀበለች። ጄምስ ሁድ በበሩ ከገባ ከሁለት ወር በኋላ ትምህርቱን ትቶ ነበር፤ በ1995 ተመልሶ በ1997 የዶክተርነት ማዕረግ ሲቀበል ዲፕሎማውን ዋላስ እንዲሰጠው ፈልጎ ነበር፤ ሽማግሌው ስለ ታመመ አልሆነም። በቀብሩም ተገኘ። እኛ በሺህ ማይል ርቀትና በብዙ ዓመት ልዩነት ተቀምጠን እነዚህን ሰዎች «ተታለላችሁ» ልንላቸው አንችልም፤ ሰውየውን ዓይን ለዓይን ያዩት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ሉዊስ ይቅር ያለው ስለ ራሱ ጭንቅላት ነው። ስለ በርሚንግሃም አራት ልጃገረዶች ማን ይቅር ሊል ይችላል? የይቅርታና የፍርድ መንገድ የሚለያየው እዚህ ነው፤ ከክበባችን ተከራካሪዎች ብዙዎቹ አንዱን ለሌላው አድርገው ሲናገሩ ነበር። በ2021 በበርሚንግሃም የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የዋላስን ስም ከአንድ ሕንፃ ላይ አነሣ። ይቅር የተባለ ሰው ስሙ ይነሣልን ብለው የተቈጡ ነበሩ፤ እኛ በሁለቱ መካከል ተቃውሞ አይታየንም።

የዋላስ ሴት ልጅ ፔጊ ዋላስ ኬኔዲ በ2009 ከጆን ሉዊስ ጋር በሴልማ ድልድይ ተሻግራለች፤ በ2019 ስለ ቤተ ሰቧ መጽሐፍ አሳትማለች። አንድ ጊዜ ትንሽ ልጇን ይዛ በአትላንታ የኪንግን መታሰቢያ ስትጐበኝ፣ ሕፃኑ አያቱ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ፣ አጠገቡም የፈራረሰውን ቤተ ክርስቲያንና የድልድዩን ዱላ አየ። አያቴ በእነዚህ ሰዎች ላይ ይህን ለምን አደረገ ብሎ ጠየቃት። እርሷም አያቱ ምክንያቱን ከቶ እንዳልነገራት መለሰች።